ሊቀመንበሩን መቀነስ

የኬንያዋ ሶሎሎ ላይ የፎቶ ክብደት የማይሰማው ሰው የለም። አገሬው ሁሉ የኮምፒውተር ሊቅ ሆኖ አይደለም፤ የኢንተርኔት ሜጋ የሚገዛው ከኪሱ ቆጥሮ በሚያወጣው ሽልንግ ስለሆነ ነው። አንዳንዱማ በሽልንግም በብርም ይገዛል። ባለ ሁለት ሲም ስልኩ ውስጥ የኬንያውንና የኢትዮጵያውን ጎን ለጎን ሰክቶ፣ ዛሬ የቱ እንደሚሻል ስልኩን ወደ ሰማይ እያነሳ ያማርጣል።

ከተማዋ ከኢሲዮሎ ወደ ሞያሌ ከሚዘልቀው አስፋልት ገባ ብላ፣ ከድንጋያማ ኮረብቶች ሥር ያለች ናት። ከኮረብቶቹ ወዲያ ኢትዮጵያ ነው። ቦረናው ዘመዱ ወዲያም ወዲህም ስለሆነ ድንበሩን እሱም ከብቱም ያን ያህል አይቆጥሩትም። ድንበሩን በቁም ነገር የያዘችው ስልክ ብቻ ናት፤ ጉብታ ስትወጣ የአንዱን አገር ሰላምታ፣ ጉብታ ስትወርድ የሌላውን አገር ታሪፍ ትልክልሃለች። ሞያሌም ብትሆን የኬንያውን ሳፋሪኮም ከአዲስ አበባ ቀድማ ያወቀች ከተማ ናት። ድርጅቱ ኢትዮጵያ ውስጥ በይፋ ሥራ የጀመረው በ2015 ዓ.ም. ነው፤ የሞያሌ ሰው ግን ከዚያ በፊት ብዙ ዓመት መብራት ሲጠፋም፣ ኔትወርክ ሲጠፋም የማዶውን ኔትወርክ ሲቃርም ኖሯል።

ሶሎሎ ውስጥ ሳይበር፣ ማለትም ኢንተርኔት ቤት፣ ያለው አንድ ልጅ አውቃለሁ። ደንበኞቹ የሚመጡት የኬንያ መንግሥት የአገልግሎት ገጽ በሆነው ኢሲትዝን ላይ ፎርም ለመሙላት፣ የፈተና ውጤት ለማየት፣ ማመልከቻ ለማስጻፍ ነው። ብዙውን ቀን የሚበላበት ግን «ሳይዙን ቀንስልኝ» የሚለው ሥራ ነው። ፎርሙ ፎቶው ከተወሰነ ኬቢ (ኪሎባይት) እንዳይበልጥ ይላል፤ ስልኩ ያነሳው ደግሞ የዚያ ሃያ ሠላሳ እጥፍ ይሆናል። ሰውዬው ፎቶውን ሲያስገባ ፎርሙ ይመልሰዋል፣ ደግሞ ያስገባል፣ ደግሞ ይመልሰዋል፣ በመጨረሻ ራሱን የተጠላ ሰው አድርጎ ይቆጥርና ወደ ሳይበሩ ይመጣል። ልጁ በሁለት ደቂቃ ይቀንስለታል። ሰውዬው በተቀነሰ ማንነቱ ተቀባይነት አግኝቶ ይሄዳል።

ይህ ልጅ ነው እንግዲህ የአንድ ከብት አርቢዎች ማኅበር ድረ ገጽ እንዲሠራ የተቀጠረው። ማኅበሩ ከወዲያ ማዶም አባላት ስላሉት ገጹ በስዋሂሊም፣ በኦሮምኛም፣ በአማርኛም እንዲሆን ተወስኖ፣ እኔ የአማርኛውን ጽሑፍ እንዳቃና ተጠራሁ። ጽሑፉ ቶሎ አለቀ። ፎቶው ነው ያላለቀው።

ሊቀመንበሩ ፎቶዎቹን በፍላሽ ይዘው መጡ። ሞያሌ በኢትዮጵያ በኩል ብዙ ዘመን የነገዱ፣ አማርኛቸው ከእኔ የማይተናነስ ሽማግሌ ናቸው። ልጁ ፍላሹን ከፍቶ አየና ራሱን አከከ።

«አባባ፣ እነዚህን ፎቶዎች መቀነስ አለብን።»

«ለምን? በዙ?»

«ቁጥራቸው አይደለም፤ ሳይዛቸው ነው።»

«የእኔም?»

«የእርስዎማ በተለይ። ስድስት ሜጋ ነዎት።»

ሽማግሌው ትንሽ አሰቡ። «የምክትሌስ ስንት ነው?»

«ሦስት።»

«እንግዲያው ስድስቱ ይሁን፤» አሉ፤ ጉዳዩ በዚያው የተዘጋ መሰላቸው።

የተዘጋ አልሆነም። እኔ ግን እዚያች ላይ ገባኝ፦ በእኛ አገር ድረ ገጽ ላይ ያ ሁሉ ግዙፍ ፎቶ የሚኖረው የሙያ ማነስ ብቻ አይደለም። ክብር ነው። የአለቃን ፎቶ መቀነስ አለቃን መቀነስ ይመስላል። የትኛው ባለሙያ ነው ደፍሮ «ዋና ሥራ አስኪያጁን ሃምሳ እጥፍ ቀንሻቸዋለሁ» ብሎ ሪፖርት የሚጽፈው?

ልጁ ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን ከፈተልን። ሊቀመንበሩ የቆሙት ከግራር ፊት ነው፤ እሾህ በእሾህ፣ ቅጠል በቅጠል የሆነ ግራር፣ ከሥሩ ጠጠር፣ ከጎኑ ቁጥቋጦ። ምክትላቸው የተነሱት ቢሮ ውስጥ ነው፤ ነጭ ግድግዳ ተደግፈው። ያነሳቸው ስልክ አንድ ነው፣ የነጥቡም (የፒክስሉም) ብዛት አንድ ነው። የሦስት ሜጋው ልዩነት የማዕረግ ሳይሆን የግራሩ ነበር። ነጭ ግድግዳ ለኮምፒውተር «ከዚህ እስከዚያ ነጭ» ተብሎ ባጭሩ ይነገረዋል፤ ግራር ግን እሾኹ አንድ በአንድ ካልተተረከ አይሆንም። ሽማግሌው ይህን ሲሰሙ በጣም ሳቁ። «እኔ እኮ ሰውነቴ መስሎኝ ነው፤ እንጨት ነዋ የምትመዝኑት!»

አተራረኩን ካነሳን አይቀር፣ ጄፔግ የሚባለው የፎቶ መጭመቂያ አሠራር እ.ኤ.አ. በ1992 ነው ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆኖ የጸደቀው። ብልሃቱ የሰው ዓይን ልብ የማይለውን ነገር መጣል ነው። ዓይናችን ብርሃንና ጥላን አጥርቶ ይለያል፤ ቀለም ላይ ግን ሰነፍ ነው። ጄፔግ ይህን ስንፍናችንን ያውቃል። ብርሃኑን ከቀለሙ ለይቶ፣ ብርሃኑን እንዳለ ይዞ፣ ቀለሙን ብዙ ጊዜ በወርድም በቁመትም በግማሽ ያስቀምጠዋል፤ ሩቡን ብቻ ያስቀራል ማለት ነው። ማንም አላስተዋለም። ከዚያ ፎቶውን በወርድ ስምንት በቁመት ስምንት ነጥብ እያደረገ ወደ ትንንሽ ካሬ ይከፋፍለዋል። በየካሬው ውስጥ ቀስ ብሎ የሚለወጠውን፣ ለምሳሌ የሰማዩን ሰማያዊነት፣ አክብሮ ይይዛል፤ ቶሎ ቶሎ የሚለዋወጠውን፣ ማለትም ጥቃቅኑን እሾህ፣ በታዘዘው መጠን ያሳንሰዋል ወይም ይተወዋል። ያ «ኳሊቲ» እያልን ከመቶ የምንሰጠው ቁጥር ይህ ትእዛዝ ነው። ለድረ ገጽ 75 ወይም 80 በቂ ነው፤ 100 የሚሰጥ ሰው የግራሩ ወዳጅ ነው።

ከዚህ ሁሉ ሥር ያለውን ሒሳብ ያመጣው ናስር አሕመድ ነው፤ ሕንድ ተወልዶ አሜሪካ ውስጥ በካንሳስ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረ መሐንዲስ። እ.ኤ.አ. በ1972 ሐሳቡን ለአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን አቅርቦ የምርምር ገንዘብ ጠየቀና ተከለከለ። ምክንያቱ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ሐሳቡ በጣም ቀላል ነው ተባለ። እሱ ግን ያለ ገንዘቡ ሥራውን ቀጠለና በ1974 ከናታራጃንና ከራኦ ጋር ጽሑፉን አሳተመ። ዛሬ ስልክህ ውስጥ ያሉት የሠርግ፣ የልደት፣ የክርስትናና የከብት ፎቶዎች አብዛኞቹ በዚያ «በጣም ቀላል» ሒሳብ ያለፉ ናቸው። ፕሮፖዛሉ ውድቅ የሆነበት ሰው ሁሉ የናስር አሕመድን ፎቶ ግድግዳው ላይ ቢሰቅል አልቃወምም። ድረ ገጹ ላይ ከሆነ ግን ሳይዙን ቀንሶ።

ወደ ማኅበሩ እንመለስ። ፍላሹ ውስጥ የነበሩት ፎቶዎች 24 ናቸው፤ ከብቶቹ፣ ስብሰባው፣ ክትባቱ፣ ከጥልቅ ኤላ ውኃ እየተቀባበሉ የሚያወጡ ጎረምሶች፣ በግራር ፊት ሊቀመንበሩ። አንዱ በአንዱ ላይ ቢደመር በአማካይ አራት አራት ሜጋ ነው። እንዳለ ቢለጠፍ ገጹ 96 ሜጋ ይሆናል። የመቶ ሜጋ ጥቅል የገዛ አንድ እረኛ ገጹን አንድ ጊዜ ከፍቶ ሲዘጋ አራት ሜጋ ይተርፈዋል። በዚያችም ገጹን ያሳየውን ሰው የሚረግምበት መልእክት ይልካል። ከባድ ፎቶ መለጠፍ እንግዳ ምሳ ጠርቶ ሒሳቡን ለእንግዳው እንደማስመጣት ነው፤ ጋባዡ በልግስናው ሲመሰገን እንግዳው ኪሱን ይዳብሳል።

ኔትወርኩ ደክሞ ስልኩ ላይ «ኢ» የምትለዋ የእንግሊዝኛ ፊደል የወጣች ቀን ደግሞ ነገሩ ከገንዘብም ያልፋል። በዚያ መስመር በሰከንድ 25 ኪሎባይት ከመጣ ጥሩ ቀን ነው። በዚህ ፍጥነት ስድስት ሜጋው ሊቀመንበር ለመድረስ አራት ደቂቃ ይፈጅባቸዋል። ተራው ጄፔግ ደግሞ ከላይ ወደ ታች ነው የሚገለጠው። በመጀመሪያው ደቂቃ ሰማይ ይመጣል። በሁለተኛው የግራሩ አናት። ወደ ሦስተኛው ላይ የሽማግሌው ጥምጥም ብቅ ይላል፣ ከዚያ ግንባራቸው፣ ከዚያ አንድ ዓይናቸው፤ ያኔ ባትሪው ያልቃል። ማኅበሩን የሚመራው ማን እንደሆነ አባሉ ሳያውቅ ይቀራል።

ይህን ለሽማግሌው በወረቀት ላይ አሰላንላቸው። ስልኩ የሚያነሳው ፎቶ ወርዱ 4000 ቁመቱ 3000 ነጥብ ነው፤ ሲባዛ 12 ሚሊዮን። ለእያንዳንዱ ነጥብ ሦስት ባይት ቢቆጠር ገና ሳይጨመቅ 36 ሚሊዮን ባይት ነው። ገጹን የሚያየው ሰው ስልክ ግን በወርዱ አንድ ሺህ ገደማ ነጥብ ብቻ ነው ማሳየት የሚችለው። የተቀረው ተገዝቶ፣ ተጉዞ፣ ደርሶ ሳይታይ ይጣላል። ፎቶው 1200 በ900 ቢሆን አንድ ሚሊዮን ከ80 ሺህ ነጥብ ነው፤ አንድ አሥራ አንደኛ ማለት ነው። ወርዱን በግማሽ ስትቀንስ ነጥቡ ወደ ግማሽ ሳይሆን ወደ ሩብ እንደሚወርድ ሲያዩ ሽማግሌው እርሳሱን ተቀብለው ራሳቸው ደገሙት። የከብት ነጋዴ ናቸውና ማባዛት አይከብዳቸውም። ከዚያ በኳሊቲ 75 ተጨምቆ በአማካይ 120 ኪሎባይት ሆነ። ሃያ አራቱ ተደምረው ሦስት ሜጋ አልሞሉም።

ሥራው ሲያልቅ ለሽማግሌው በራሳቸው ስልክ አሳየናቸው። አዩት፣ አጠጋግተው አዩት፣ ግራሩን ሳይቀር መረመሩት።

«እኔ ነኝ፤» አሉ። «ስንት ሆንኩ?»

«መቶ ሰባ ኬቢ።»

«ምክትሌስ?»

«ሰማንያ።»

«መልካም፤» አሉና ተነሡ። ሜጋው ቀረ እንጂ ቅደም ተከተሉ አልተነካም።

ማኅበሩ ከዚህ በፊት ሌላ ሰው የሠራለት ገጽ ነበረው። ያኛው ሰው ስለ ሳይዝ ሰምቷል፤ የሰማው ግን በግማሽ ጆሮው ነው። ፎቶዎቹን ሁሉ ጥጋቸውን በማውዝ ይዞ እየጎተተ አሳንሷቸዋል፤ ገጹ ላይ ሲታዩ የፖስታ ቴምብር ያህላሉ። ክብደታቸው ግን እንዳለ ነው። ይህ ጥግ የመጎተት ነገር ዎርድ ላይ የተማርነው አገር አቀፍ ልማድ ይመስለኛል። የመመረቂያ ጽሑፉ 80 ሜጋ ሆኖ ኢሜይል አልሄድ ያለው ተማሪ ሁሉ ሰለባው ነው። ጥግ መጎተት ዓይንን ያታልላል እንጂ ሽቦውን አያታልልም። ቴምብር የምታህለው ላም ስድስት ሜጋዋን ተሸክማ ነው የምትመጣው።

ደግሞ እኮ ይህ ነገር ለኢትዮጵያዊ እንግዳ ሊሆን አይገባም ነበር። ዕድሜ ልካችንን ጉርድ ፎቶ ስንሰጥ የኖርን ሕዝብ ነን። ለቀበሌ መታወቂያ ጉርድ ፎቶ፣ ለትምህርት ቤት ጉርድ ፎቶ፣ ለመንጃ ፈቃድ ጉርድ ፎቶ፣ ለዕቁብ ዋስትና ጉርድ ፎቶ። አንዳንዱ መሥሪያ ቤት አራት ይቀበልና አንዱን ይለጥፋል፤ ሦስቱን የት እንደሚያደርጋቸው እስከ ዛሬ አልተነገረንም። ያኔ መለኪያው ሦስት በአራት ሴንቲ ሜትር ነበር፤ ሁለት ጆሮ እንዲታይ፣ ጀርባው ነጭ እንዲሆን፣ አንገትህን ቀና እንድታደርግ ፎቶ አንሺው አገጭህን በእጁ ያስተካክልልሃል።

ኪሎባይትን ለብዙኃኑ ያስተማረች ግን አሜሪካ ናት። የዲቪ ማመልከቻ በፖስታ መሄዱ ቀርቶ በኢንተርኔት ብቻ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2003 መገባደጃ ላይ ነው። በመጀመሪያ ፎቶው ከ62,500 ባይት እንዳይበልጥ ተባለ። በኋላ መመሪያው ላላ፦ ጄፔግ ይሁን፣ ወርዱና ቁመቱ እኩል ይሁን፣ ከ600 በ600 ነጥብ አይነስ፣ ከ240 ኪሎባይት አይብለጥ። ይህን መመሪያ በቃሉ የሚያውቅ ሕዝብ ከእኛ በላይ ካለ አምጡልኝ። መስቀል አልፎ ዲቪ ሲከፈት በየኢንተርኔት ቤቱ በር ላይ «ዲቪ እንሞላለን» የሚል ወረቀት ይለጠፍ ነበር። ፊደል ያልቆጠሩ እናት ሳይቀሩ «ልጄ፣ ሁለት መቶ አርባ እንዳያልፍብኝ አደራ» ይሉ ነበር። ሳይዝ መቀነስን እንደ ሙያ ያቋቋመው፣ ስንቱን ወጣት ፎቶሾፕ ያስለመደው፣ ይህ አንድ ቁጥር ነው።

እስቲ አስቡት። አሜሪካ አንድን ሰው ከነቤተሰቡ ለዘለዓለሙ ለመቀበል ስታስብ 240 ኪሎባይት ፊት ይበቃት ነበር። የአንድ ወረዳ የግማሽ ዓመት ግምገማ ስብሰባን ለማሳየት፣ ያውም ግማሹ ተሰብሳቢ ስልኩን እያየ፣ ግማሹ የታሸገ ውኃውን እያየ ያለበትን፣ ስድስት ሜጋ ለምን ያስፈልጋል?

ከስብሰባ ፎቶ የባሰ ደግሞ አለ፤ የደብዳቤ ፎቶ። ማስታወቂያ ይወጣል። ማስታወቂያው በኮምፒውተር ተጽፏል፤ ማለትም ጽሑፍ ነበር። ታትሞ ወረቀት ሆነ። ተፈርሞ፣ ክብ ማኅተም ተመቶበት፣ ከዚያ ጠረጴዛ ላይ ተጋድሞ በስልክ ፎቶ ተነሣ፤ የጠረጴዛው ጨርቅ አበባ በአንድ በኩል፣ የሻይ ብርጭቆ ግማሽ ጎኑ በሌላ በኩል። ያ ፎቶ ነው ገጹ ላይ የሚለጠፈው። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ወዲህ አንድ ፊደላችን ብዙ ጊዜ ሦስት ባይት ይዞ ይሄዳል። አንድ ሺህ አምስት መቶ ፊደል ያለው ማስታወቂያ አራት ኪሎባይት ተኩል ነው ማለት ነው። ፎቶው ሦስት ሜጋ ነው፤ ከስድስት መቶ እጥፍ በላይ። ሰው ማስታወቂያውን በፍለጋ አያገኘውም፣ ቀድቶ ለጓደኛው አይልከውም፣ ዓይኑ የደከመ ሰው ፊደሉን አጉልቶ ሊያነበው ሲሞክር ብርጭቆው ይጎላል።

ለምን እንዲህ እንደሚደረግ ግን አልክድም፤ ይገባኛል። ማኅተም የሌለው ጽሑፍ በእኛ አገር ወሬ ነው። «እውነት መሆኑን በምን አወቅህ?» ሲባል «ማኅተም አለው» ማለት ያስፈልጋል። እንግዲያው ጽሑፉን በጽሑፍነቱ ለጥፉና ማኅተሙን ለሚፈልግ የደብዳቤውን ፎቶ ከሥሩ አስቀምጡለት፤ ያውም ተቀንሶ። ሰማያዊ ክብ ለማየት ሦስት ሜጋ ማስከፈል ግፍ ነው።

ይህን ሁሉ ስል ከመጠን አልፎ የሚጨምቅም እንዳለ አልረሳሁም። ሞያሌ ላይ ደላላ በዋትሳፕ የበሬ ፎቶ ይልካል። ተቀባዩ ስክሪንሹት ያደርገዋል፣ ለሌላ ይልካል፣ ያኛውም ስክሪንሹት ያደርገዋል። በየደረጃው እንደገና ይጨመቃል፤ ጄፔግ በተቀመጠ ቁጥር ትንሽ ይረሳልና። ናይሮቢ ሲደርስ በሬው ቀንዱ የት እንደሚጀምር አይታወቅም፤ ሆዱ ላይ ካሬ ካሬ ወጥቶበታል፤ ገዢው «ይህ በሬ ታሟል» ብሎ ዋጋ ይሰብራል። የተሰበረው ፎቶው ነበር። መቀነስ ያለበት አንድ ጊዜ፣ ከዋናው ላይ፣ ዋናው ተቀምጦ ነው። በጽሑፍና በዓርማ ላይ ደግሞ ጄፔግን ባትነኩ ይሻላል፤ የፊደሉን ዙሪያ ያቆሽሸዋል። ለዚያ እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ፒኤንጂ አለ። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2010 ያመጣው ዌብፒም አለ፤ ጉግል እንደሚለው ከጄፔግ ከሩብ እስከ ሲሶ ይቀንሳል፤ አሁን ያሉት ዋና ዋና አሳሾች (ብራውዘሮች) ሁሉ ይከፍቱታል። ከዚያ በላይ ያለው የባለሙያ ክርክር ነው፤ ለእነሱ እንተውላቸው።

ፎቶ ሲቀነስ አብሮ መነሣት ያለበት ሌላም ነገር አለ፤ ክብደቱ ትንሽ፣ ጣጣው ብዙ። ስልኩ ቦታ እንዲመዘግብ ከተፈቀደለት፣ እያንዳንዱ ፎቶ ውስጥ የተነሣበትን ስፍራ እስከ ጥቂት ሜትር ቀርቦ ይጽፋል። ዋትሳፕ ላይ በተራው መንገድ የተላከ ፎቶ ይህ ይጠፋለታል፤ በዶክመንት መልክ የተላከው ወይም በቀጥታ ድረ ገጽ ላይ የተጫነው ግን ይዞት ሊወጣ ይችላል። ከተማ ላለ ሰው ግድ ላይሰጠው ይችላል። መንጋውን ዛሬ የት እንዳሳደረ ለማያውቀው ሰው መናገር ለማይፈልግ የድንበር አርቢ ግን ግድ ይሰጠዋል። ልጁ ይህን ለሽማግሌው ሲነግራቸው ከሳይዙ ሁሉ ይልቅ የተቆጡት በዚህ ነው። «ፎቶው ቦታውን ይናገራል? ታዲያ ይህን ነበር አስቀድመህ መናገር!» ትክክል ናቸው። ሲቀነስ «ሜታዳታውን አጥፋ» የምትለዋን ምልክት መጫን ብቻ ነው።

መሣሪያው ሞልቷል፤ ብዙውም በነፃ ነው። ዊንዶውስ ላይ ያለው ፔይንት ሳይቀር ወርድና ቁመት ይቀንሳል። የጉግል ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጡት ስኩሽ የሚባል ገጽ አለ፤ በአንድ በኩል ዋናውን በሌላ በኩል የተቀነሰውን እያሳየ ከነኬቢው ያስመርጣል፤ ሥራውንም እዚያው አሳሹ ውስጥ ስለሚሠራ ፎቶው ከኮምፒውተሩ አይወጣም። ይህችን ነገር ሶሎሎ ላይ ልብ ይሏታል። አንዳንዱ መጭመቂያ ገጽ ፎቶውን መጀመሪያ ወደ ራሱ ሰርቨር አስልኮ ነው ቀንሶ የሚመልሰው፤ ሜጋ ለመቆጠብ ሜጋ ማውጣት ነው። የሳይበሩ ልጅ አንድ ደንበኛ ሠላሳ ፎቶ እንዲህ ሲያስጭን ጥቅሉ በዚያው አልቆበት ያውቃል።

ድረ ገጽ ያላችሁ፣ ወይም ድረ ገጽ ያለው መሥሪያ ቤት ውስጥ የምትሠሩ፣ ዛሬውኑ አንድ ነገር አድርጉልኝ። ከቢሮው ዋይፋይ ውጡና በራሳችሁ ካርድ፣ በራሳችሁ ስልክ፣ የራሳችሁን ገጽ ክፈቱት። ከመክፈታችሁ በፊትና በኋላ የቀራችሁን ሜጋ እዩ። ቁጥሩ ካስደነገጣችሁ ከአለቃችሁ ፎቶ ጀምሩ፤ አይዟችሁ፣ ከኋላቸው ያለው ዛፍ ነው የሚቀነሰው። ይህንንም ወግ የሚያትመው አዘጋጅ ከጎኑ የእኔን ፎቶ ካላደረግሁ ካለ፣ ከ50 ኪሎባይት እንዳያሳልፍብኝ አደራ እላለሁ።